ከጡሩምባው በፊት

እናቴ ለእድር 31 ዓመት ከፍላለች። ቁጥሩን የማውቀው በታመመች ጊዜ ራሷ ስለነገረችኝ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አልጋዋ ላይ ደገፍ ብላ፣ ከትራሷ ሥር ያኖረችውን የመዋጮ ደብተር አውጥታ ገጾቹን እያገላበጠች ስትቆጥር ቆየችና፣ «ይኸን ሁሉ ዓመት የከፈልሁት ለማላየው ድንኳን ነው» አለች። ማማረሯ አልነበረም፤ እንዲያውም ፈገግ ብላለች። እኔ ግን ያን ቀን ያለችውን ከልቤ ላወጣው አልቻልሁም።

እድር ምን እንደሚሠራ ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ጡሩምባ ነፊው ገና ጎሕ ሳይቀድ በየመንደሩ እየዞረ የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ሲያሰማ፣ ብዙም ሳይቆይ የድንኳኑ ቋሚ ይተከላል፣ አግዳሚ ወንበሩ ይደረደራል፣ ትልልቆቹ ድስቶች ከመጋዘን ይወጣሉ። ንፍሮውን ማን እንደሚቀቅል፣ ውኃውን ማን እንደሚቀዳ፣ ከኀዘንተኛው አጠገብ ማን እንደሚያድር የሚጠይቅ የለም፤ ሁሉም ድርሻውን ያውቃል። ከቀብር የቀረ ይቀጣል፤ ስሙም በጸሐፊው መዝገብ ላይ ይሰፍራል። እንዲህ ያለ ሥርዓት ያበጀ ሕዝብ ሰውን በጭንቁ ጊዜ ብቻውን አይተውም ብዬ አምን ነበር። ሆኖም እናቴ በታመመችባቸው አሥር ወራት፣ በዚያው መንደር፣ በእነዚያው ደጋግ ሰዎች መካከል ሆነን፣ እኔና እሷ ብቻችንን ነበርን።

በሽታዋ የጡት ካንሰር ነበር፤ በአገራችን ሴቶች ላይ ከሁሉም የካንሰር ዓይነቶች ይልቅ በብዛት የሚታየው። እብጠቱን ከአንድ ዓመት በላይ ደብቃው ኖራለች። ጸበል ሄዳለች፣ ቅጠል ለጥፋለች፣ «ብርድ ነው» ብላለች፤ ሐኪም ዘንድ በደረሰች ጊዜ በሽታው ወገቧ አጥንት ድረስ ዘልቆ ነበር። ሐኪሙ አጎቴን ወደ ኮሪደር ጠርቶ፣ «ከዚህ በኋላ ልናደርግላት የምንችለው ነገር የለም፤ ቤት ወስዳችሁ አስታምሟት» አለው። እናቴ በሩ በተከፈተ ቁጥር አንገቷን እያሰገገች ታየን ነበር። የሐኪሙንም ሆነ የሆስፒታሉን ስም ማንሳት አልፈልግም፤ ተመሳሳዩን ቃል የሰሙ ብዙ ቤተሰቦች አሉና። ብቻ ያ ንግግር ግማሹ ስሕተት፣ ግማሹ እውነት እንደነበረ የገባኝ በጣም ዘግይቶ ነው። የሚደረግላት ነገር ብዙ ነበር፤ ማስታመሙ ግን በእርግጥ የእኛ ሥራ ነበር፤ እንዴት እንደሚሠራ ግን የነገረን የለም።

ስለዚህች «ማስታመም» ስለምትባል ቃል አንዳንድ ጊዜ አስባለሁ። የጤና ባለሙያዎች ፓሊየቲቭ ኬር የሚሉትን፣ በጽሑፍ ደግሞ የማስታገሻ ሕክምና ተብሎ የሚጠራውን ነገር፣ ቋንቋችን ሆስፒታል የሚባል ሳይኖር ጀምሮ ስም ሰጥቶት ኖሯል። ታመመና አስታመመ ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው፤ አስታማሚው በስሙ ውስጥ ሕመሙን ይዞ ይዞራል። ማስታገሻ የሚለው ስም መድኃኒቱን ያሳየኛል፤ ማስታመም ግን ሰውየውን ከነደከመ ፊቱ ያሳየኛል። ለንደን ውስጥ በ1967 እ.ኤ.አ. የቅዱስ ክሪስቶፈርን ሆስፒስ፣ ማለትም ለሞት የቀረቡ ሕሙማን የሚታመሙበትን ቤት፣ ያቋቋመችው ሲስሊ ሳንደርስ በመጀመሪያ ነርስ፣ ቀጥላ የሆስፒታል ማኅበራዊ ሠራተኛ፣ በመጨረሻም ሐኪም የሆነች ሴት ነበረች። ለሞት የቀረበ ሰው ሕመም የሥጋ ብቻ አለመሆኑን፣ የልብ ጭንቀት፣ የቤተሰብና የገንዘብ ሐሳብ፣ የነፍስም ጥያቄ ከሥጋው ስቃይ ጋር አብረው እንደሚገመዱ ያስተማረችው በሦስቱም ሙያዎች በሽተኛ አጠገብ ተቀምጣ ስላየች ይመስለኛል። የእናቴን ሁኔታ ከዚህ አንጻር መለስ ብዬ ሳየው፣ የወገቧን ሕመም እኛ ሁላችን እናውቀው ነበር፤ ያላየነው ሌላውን ነበር።

ስለ ሽታው መጻፍ ይከብደኛል፤ ነገር ግን እሱን ብተወው የቀረው ሁሉ ትርጉም ያጣል። ጡቷ ላይ ያለው እብጠት ፈንድቶ ቁስል ሆነ፤ ቁስሉም መሽተት ጀመረ። ዕጣን አጨስን፣ ከርቤ አጨስን፣ ባሕር ዛፍ አነጠፍን፤ ሽታው ግን በዕጣኑ ውስጥ ሌላ ሽታ ሆኖ ይመጣል እንጂ አይጠፋም። በመጀመሪያዎቹ ወራት ጠያቂው አያቋርጥም ነበር፤ ብርቱካኑን በፌስታል፣ አጥሚቱን በፔርሙዝ ይዘው ይመጣሉ፣ «እግዜር ይማርሽ»፣ «ምንም አይልሽም፣ ነገ ትነሻለሽ» ብለው ትንሽ ይቀመጣሉ። ኋላ ላይ ግን የነጠላቸውን ጫፍ ላብ የሚጠርጉ መስለው ወደ አፍንጫቸው ሲያስጠጉ አየች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በር በተንኳኳ ቁጥር፣ «ተኝታለች በይልኝ» ትለኝ ነበር። ሰው ስላልመጣ ብቻ አልነበረም ብቻችንን የሆንነው፤ እኛም ዘግተን ነበር።

በሩን የከፈተችልን አንዲት ነርስ ናት። በዘመድ በኩል የተገኘች፣ ከመደበኛ ሥራዋ ውጭ በየቤቱ እየዞረች ሕሙማንን የምታይ ሴት ነበረች። የመጣች ዕለት ወንበር ስናቀርብላት ትታው አልጋው ጠርዝ ላይ፣ ከእናቴ አጠገብ ተቀመጠች። «እማማ፣ ሌሊቱን እንዴት አደሩ?» አለቻት፤ እናቴም ስለ ወገቧ ሳይሆን ስለ ሽታው ነገረቻት፤ ለእኔ እንኳ አንድ ቀን አንስታው አታውቅም ነበር። ነርሷ ውኃ አፍልተን ጨው እንድንጨምርበትና እንድናቀዘቅዘው አደረገች፤ በእሱ ቁስሉን ካጠበች በኋላ፣ ከቦርሳዋ የሜትሮኒዳዞል እንክብል አውጥታ በሁለት ማንኪያ መካከል አድቅቃ ዱቄቱን ቁስሉ ላይ ነሰነሰችው። ሜትሮኒዳዞል ማለት ለአሜባና ለጃርዲያ የምንውጠው፣ በየመድኃኒት ቤቱ በርካሽ የሚሸጠው እንክብል ነው። ሽታውን የሚያመጡት ቁስሉ ውስጥ የሚራቡ ተሕዋስያን ናቸው፤ መድኃኒቱ እነሱን ይገድላል። በጥቂት ቀናት ውስጥ ቤቱ ተለወጠ። በዚያው ሳምንት መጨረሻ የጎረቤታችንን ጀበና አስመጥቼ እናቴ መኝታ ክፍል ውስጥ ቡና ተፈላ፤ እሷም ሦስተኛው እስኪጠጣ ቀና ብላ ተቀመጠች። ወራት ሙሉ የሸሸነው ነገር መፍትሔው የጥቂት እንክብል ዋጋ ሆኖ ሲገኝ፣ ደስታዬን ንዴት ቀላቀለበት።

ለወገቧ ሕመም የሚያስፈልጋት ሞርፊን የሚባለው ብርቱ ማስታገሻ ግን እንዲህ ቀላል አልነበረም። በልዩ ማዘዣ ወረቀት ካልሆነ አይሰጥም፤ ወረቀቱን ስናገኝ መድኃኒቱ አልቋል ተባልን፤ መድኃኒቱ ሲገባ ደግሞ ወረቀቱን የሚፈርመው ሐኪም ፈቃድ ላይ ነበር። በመካከሉ የምናውቀው ማስታገሻ በየቀኑ በሰፈር ክሊኒክ የሚወጋላት የዲክሎፌናክ መርፌ ነበር፤ እሱም ሁለት ሰዓት አይቆይም። በመጨረሻ ጠርሙሱን ይዤ ቤት በገባሁ ማታ፣ ቨርጂኒያ የሚኖረው ወንድሜ ደወለ። «እዚህ ወጣቱ በዚህ ነገር እየረገፈ ነው፤ እናቴን ሱሰኛ ልታደርጉብኝ ነው?» ብሎ ጮኸብኝ። አልተቀየምሁትም። እሱ በሚኖርበት አገር ኦፒዮይድ የሚባሉት የሞርፊን ዓይነት መድኃኒቶች ያለ ልክ ታዝዘውና ከዚያም በሕገ ወጥ መንገድ ተሰራጭተው እጅግ ብዙ ሰው ገድለዋል፤ ፍርሃቱ ከዜና የተቀዳ አልነበረም፣ ከጎረቤቱ እንጂ። ነገር ግን የአሜሪካን ጥጋብ ፍርሃት እናቴ በተኛችበት ክፍል ውስጥ አምጥቶ መትከሉ ልክ አልነበረም። በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ኮሚሽን ሪፖርት እንደሚለው፣ በዓለም ላይ በየዓመቱ ከሚከፋፈለው በሞርፊን ልክ የተሰላ 298.5 ሜትሪክ ቶን ኦፒዮይድ ውስጥ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው አገሮች በሙሉ የሚደርሰው 0.1 ቶን ነው። 0.1 ቶን አንድ ኩንታል ማለት ነው። እናቴ ለዓመት ቀለብ ከምታስፈጨው ጤፍ ያነሰ ክብደት ነው፤ የእነዚያ ሁሉ አገሮች ሕሙማን የሚካፈሉት እሱን ነው።

ነርሷ ለወንድሜ በስልክ ያስረዳችው ነገር አጭር ነበር። ሕመም ያለበት ሰው በልኩ፣ በሰዓቱ፣ ከትንሽ ተጀምሮ ሲሰጠው ሞርፊን ነፍስ አያሳጥርም፤ እንቅልፍ የሚጫጫነውም በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ነው፤ በእርግጥ የሚከተለው ችግር የሆድ ድርቀት ስለሆነ ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ የሚያስቀምጥ መድኃኒት አብሮ ይሰጣል። ሕመሙ እስኪመለስ መጠበቅ ደግሞ ትልቁ ስሕተት ነው አለች። ስለዚህ ደብተር ገዛሁ። ፈሳሹ እጅግ መራራ ነው፤ መርፌ በሌለው ስሪንጅ እየለካሁ ከጠዋቱ 12 ሰዓት፣ ከረፋዱ 4፣ ከቀኑ 8፣ ከምሽቱ 12፣ ከዚያም ከምሽቱ 4 ላይ ሌሊቱን እንዲያሳልፋት እጥፍ አድርጌ እሰጣታለሁ። 12፣ 4፣ 8፣ 12፣ 4፤ ዛሬም የግድግዳ ሰዓት ሳይ እነዚህ ቁጥሮች ብቻቸውን ጎላ ብለው ይታዩኛል። በአራተኛው ቀን ሌሊቱን ሙሉ ተኝታ አደረች። ጠዋት ወንድሜ ሲደውል ስልኩን ተቀብላ ስለ ልጁ ጥርስ ጠየቀችው፤ እሱም ከዚያ ወዲያ ስለ ሱስ አላነሳም።

ይህ ሁሉ ድካም የግድ አለመሆኑን ኡጋንዳ አሳይታለች። ዶክተር አን ሜሪማን በ1993 እ.ኤ.አ. ካምፓላ ውስጥ ሆስፒስ አፍሪካ ኡጋንዳን ስትመሠርት፣ የሞርፊን ዱቄት በውኃ ተበጥብጦና መጠኑ በቀለም ተለይቶ በጠርሙስ የሚሰጥበትን ቀላል ዘዴ ይዛ ነው የገባችው። ዘዴውን ቀደም ሲል ሲንጋፖር በሠራችበት ጊዜ ከፋርማሲ ባለሙያዎች ጋር ያበጀችው ነበር። ሐኪም ጥቂት በሆነበት አገር ሐኪም ብቻ የሚያዘው መድኃኒት ገጠር እንደማይደርስ ስለተረዱ፣ በ2004 እ.ኤ.አ. የሠለጠኑ ነርሶችና ክሊኒካል ኦፊሰር የሚባሉ የመካከለኛ ደረጃ የጤና ባለሙያዎች ሞርፊን ማዘዝ እንዲችሉ ሕጋቸውን አሻሻሉ። (እዚያ ለሞርፊኑ ድርቀት የደረቀ የፓፓያ ዘር አድቅቀው ይሰጣሉ መባሉን የሰማሁት ዘግይቼ ነው፤ ጓሯችን ፓፓያ ነበረን።) በአገራችንም ሥራው አልተጀመረም አይባልም። ሲስተር ጽጌረዳ ይስፋወሰን በ2003 እ.ኤ.አ. ያቋቋሙት ሆስፒስ ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ውስጥ ነርሶችን ወደ ሕሙማን ቤት ሲልክ ኖሯል፤ ጤና ጥበቃም ለሕመም ማስታገሻ በ2007፣ ለፓሊየቲቭ ኬር ደግሞ በ2016 እ.ኤ.አ. ብሔራዊ መመሪያ አውጥቷል። መመሪያው አለ፤ እኔን ያጋጠመኝ ግን መመሪያው ካለበት ቢሮ እስከ እናቴ አልጋ ድረስ ያለው መንገድ ነው።

እናቴ በኅዳር ሚካኤል ማግሥት ዐረፈች። ንስሐ አባቷ ቀደም ባለው ሳምንት አቁርበዋት ነበር፤ ሕመሟም እስከ መጨረሻው በልክ ተይዟል። ጡሩምባው ተነፋ፤ የ31 ዓመቱ ክፍያ በአንድ ጠዋት ግቢያችን ገባ። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ድስቱ፣ ያ ሁሉ እጅ። ሽንኩርት ከሚልጡት ሴቶች መካከል በሕመሟ ጊዜ ለወራት ያላየኋትን ጎረቤት አየሁና፣ በሰልስቱ ማግሥት ልቤ አልችል ብሎኝ ለምን እንደቀረች ጠየቅኋት። እንባዋ መጣ። «ልጄ፣ ለለቅሶ ስመጣ ሥራዬን አውቀዋለሁ፤ መክተፉ አለ፣ ማጠቡ አለ። በሽተኛ ፊት ግን እጄን አጣምሬ ቁጭ ከማለት በቀር ምን እንደምሠራ አላውቅም፤ እሱን ፈርቼ ነው» አለችኝ። አሥር ወር ሙሉ የሰው ጭካኔ እያልሁ ስቆጥረው የነበረው ነገር፣ ድርሻውን የሚነግረው ያጣ ሰው ፍርሃት ነበር። ለቀብር ሁሉም ሥራ አለው፤ ለሕመም አልጋ ግን ሥራ ያከፋፈለ የለም።

ሙት ዓመቷ ካለፈ በኋላ በእድራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ እጄን አወጣሁ። የጠየቅሁት ብዙ አልነበረም፤ ከመጠባበቂያው ላይ ተሽከርካሪ ወንበር፣ አልጋ ላይ የሚያገለግል መጸዳጃ፣ ወፍራም የስፖንጅ ፍራሽና ውኃ የማያሳልፍ አንሶላ ይገዛ፤ አስታማሚ ሁለት ሰዓት እንኳ እንዲተኛ አባላት ተራ ይግቡ፤ ለጤና ቢሮ ደብዳቤ ይጻፍ። የእድሩ ገንዘብ ያዥ ተነሥተው ተቃወሙኝ፤ ክርክራቸው ቀላል የሚጣል አልነበረም። «ሞት አንድ ቀን ነው፤ ወጪው ይታወቃል። በሽታ መቼ እንደሚያልቅ ማን ያውቃል? በዚያ ክፉ ጊዜ በሳምንት ሦስት ድንኳን ስንተክል ካዝናው ባዶ ሊሆን አንድ ሐሙስ ነበር የቀረው» አሉ። ክፉ ጊዜ ያሉት የኤች አይ ቪ ዘመን መድኃኒት ሳይመጣ በፊት የነበረውን ነው፤ በዕድሜ የገፉት ሁሉ ራሳቸውን ነቀነቁ።

እኔ መልስ ሳልሰጥ አንዲት ከኋላ የተቀመጡ እናት ተነሡ። በዚያው ክፉ ጊዜ በአዲስ አበባ እድሮች በኩል ተመርጠው ከሠለጠኑትና አልጋ ላይ የዋሉትን ቤት ለቤት እየዞሩ ካስታመሙት ሴቶች አንዷ እንደነበሩ ተናገሩ። «ሰው ሁሉ በሸሸው ጊዜ ገላ አጥበናል፣ አጉርሰናል። ያን የቻለ እድር ዛሬ ፍራሽ መግዛት ያቅተዋል?» ብለው ተቀመጡ። ከእሳቸው በኋላ የእኔ ንግግር ብዙም አላስፈለገም፤ ቢሆንም በሕንድ ኬራላ ግዛት የሆነውን አከልሁበት። በ1993 እ.ኤ.አ. ካሊከት ከተማ ውስጥ በጥቂት ሐኪሞችና በጎ ፈቃደኞች የተጀመረ ሥራ፣ ቆይቶ ወደ መንደር ወርዶ የጎረቤቶች መረብ ሆነ። ሰዎች በሳምንት ሁለት ሰዓት ያህል ለመስጠት ተስማምተው ይሠለጥናሉ፣ በሰፈራቸው የተኛውን ሰው እየዞሩ ያያሉ፣ ትንንሽ መዋጮ እየሰበሰቡ ነርስ ይቀጥራሉ፤ የግዛቱ መንግሥትም ሥራው ሥር ከሰደደ በኋላ በ2008 እ.ኤ.አ. ፖሊሲ አወጣለት። ይህን ስናገር አንድ ሽማግሌ፣ «ይኸማ እድር ነው» አሉ፤ ሰውም ሳቀ።

የተወሰነው ነገር ግማሽ መንገድ ነው። ለሕክምና ጥሬ ገንዘብ አይሰጥም፤ ዕቃና ጊዜ ግን ይሰጣል። በመጀመሪያ ቅር ብሎኝ ነበር፤ አሁን ግን ገንዘብ ያዡ ልክ ነበሩ ብዬ አምናለሁ፤ ገንዘቡ ላይ ብንጀምር ኖሮ በሁለተኛው በሽተኛ ላይ እንጣላ ነበር። ያቺው ነርስ በሁለት ቅዳሜ ዘጠኝ ሴቶችና አንድ ወንድ አሠለጠነች። በሽተኛን ሳያሳምሙ በአንሶላ ማገላበጥን፣ የአልጋ ቁስል እንዳይወጣ በየሁለት ሰዓቱ ጎን ማስቀየርን፣ የደረቀ አፍ በእርጥብ ጥጥ ማራስን፣ እንዲሁም «ምንም አይልሽም» ከማለት ይልቅ ዝም ብሎ እጅ መያዝን ተማሩ። የመጨረሻው ለሁላችንም ከባዱ ትምህርት ነበር፤ አፋችን ለማጽናናት ይቸኩላል።

ደብዳቤው የእድሩ ማኅተም አርፎበት ወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ገባ። ሁለት ነገር ጠይቀናል፤ ነርስ ቤት ለቤት እንድትመጣና የሚጠጣ ሞርፊን በአቅራቢያችን እንዲገኝ። አንድ ግለሰብ በዚያ ቢሮ ስንት ቀን እንደሚመላለስ አውቃለሁ፤ ከሦስት መቶ በላይ አባወራ ያለበት ማኅተም ግን ወንበር ይቀርብለታል። ከአምስት ወር በኋላ ነርስ በየአሥራ አምስት ቀኑ እንድትመጣ ተፈቀደ። ስለ ሞርፊኑ እስካሁን የተሰጠን መልስ «ጉዳዩ በሂደት ላይ ነው» የሚል ነው፤ በየሦስት ወሩ ሌላ ደብዳቤ እናስገባለን፤ ጸሐፊያችን የመዝገብ ቁጥሮቹን በቃሉ ይዟቸዋል።

ዕቃዎቹ የሚቀመጡት እድሩ መጋዘን ውስጥ፣ በድንኳን ቋሚዎቹና በድስቶቹ መካከል ነው፤ ቁልፉም ጡሩምባ ነፊያችን ዘንድ ነው። ባለፈው ወር ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ በራችን ሲንኳኳ ከፍቼ ባየው እሳቸው ቆመዋል። ጉልበቴ ከዳኝ።

«ጋሼ፣ ማን ሞተ?» አልኋቸው።

«ኧረ የሞተ የለም። ከታች ሰፈር ሽማግሌው ወገባቸው ቆስሏል፤ ፍራሹን ላደርስላቸው ነበር፣ ለብቻዬ አልችለው ብዬ ነው። ነይ እስቲ አንዱን ጫፍ ያዥልኝ።»

ነጠላዬን አንሥቼ ወጣሁ።